አራት ጣት ከፍታ

በአስመራ፣ በጸጸራት ሰፈር፣ በኣቶ ተወልደመድኅን ቤት፣ ነገሩ እንዲህ ይነገራል። አንድ መካኒክ ደህና የነበረችውን ላንድክሩዘር ፈታታ። ባሌስትራዋን መደበር ወደሚባለው የአንጥረኞች ግቢ ወስዶ አስቀጠቀጠ፤ አራት ጣት ከፍ አደረጋት፤ ትልልቅ ጎማ አጠለቀላት። መኪና ከፍ ሲል የፍሬኑ ቱቦ እንደሚያጥር ያውቅ ነበር። እያወቀ ዝም አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር ቅዳሜ ጥር 22 ቀን 1994 የቤቱ ወንድ ልጅ ኣማኑኤል በዚያች መኪና ወደ ምጽዋ መንገድ ወጣ። ከቤት ጊዮርጊስ በታች ካለው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ፍሬን ረገጠ፤ ፍሬኑ ግን አልያዘለትም። ዕድሜው ሃያ ሦስት ነበር።

በዚያው ከተማ፣ በእዳጋ ሓሙስ ሰፈር፣ በኣያ ተኽኣ ጋራዥ፣ የሚነገረው ሌላ ነው። መኪናዋ ገና አላለቀችም፤ ለባለቤቱም አልተመለሰችም። መካኒኩ ሊባኖስ ዓርብ ዕለት በሰው ፊት ኣማኑኤልን «ከሰኞ በፊት ባትነዳት» ብሎታል። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሠራተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ልጁ መጥቶ ቁልፉን ከዘበኛው ተቀበለ። የአባቱ መኪና ናት፤ ዘበኛው ምን ብሎ ይከልክለው? ልጁ መንገድ ላይ ከአስፋልቱ ወጣና ቦይ ሊሻገርባት ሞከረ። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?

ሁለቱም ወገን አልዋሸም። ሊባኖስ ያውቅ ነበር። ሊባኖስ ተናግሮም ነበር። ሁለቱ ታሪኮች የማይነኩት አንድ ክፍተት በመሃላቸው አለ፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ የሆነውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ሊባኖስ ነው። ሌላዋ የኣማኑኤል እህት ኣርያም ናት። እነርሱም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ግማሹን ብቻ ነበር፤ እርስ በርሳቸውም ይዋደዱ ነበር።

*

ኣርያም ነርስ ናት። ከነጻነት ወዲህ በምሥራቁ ቆላ ሕፃናትን ትከትባለች። ማይ ዑበል የምትባለው መንደር ግን አስቸግራታለች፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደረቅ የወንዝ መሄጃ ነው፣ ድንጋዩ የሰው ጭንቅላት ያክላል። የጤና ጽሕፈት ቤቱ መኪና ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ በሆዱ ተቀምጦ ቀርቷል። የአባቷ ላንድክሩዘር ደግሞ በግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ኣቶ ተወልደመድኅን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ መኪናዋን የገዙት ለክብር እንጂ ለድንጋይ አልነበረም። አባቱን ለሦስት ሳምንት ለምኖ ያሳመናቸው ኣማኑኤል ነው።

እህትና ወንድም መኪናዋን ይዘው ጋራዡ የደረሱ ዕለት ሊባኖስ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተሳቦ ወጣ።

«ከፍ አድርግልን» አለው ኣማኑኤል፣ ወገቡን ይዞ። «እንደ ግመል።»

«ግመል ስትነሳ አይተህ ታውቃለህ?»

«እንዴት አላይም?»

«መጀመሪያ የምትነሳው በኋላ እግሯ ነው። አጉል የተቀመጠ ሰው በግንባሩ ይተከላል።»

ኣርያም ሳቀች። ሊባኖስ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። በኋላ ስትጠይቀው፣ መጀመሪያ ያየው ሳቋን እንደሆነ ነገራት፤ ፊቷን ያየው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

የሊባኖስ ትግርኛ የተሰባበረ ነበር። አባቱ ከአስመራ በስተደቡብ የምትገኘው የሰገነይቲ ሰው ነበሩ፤ ደሴ ለሥራ ሄደው እዚያው አግብተው፣ እዚያው ሞተዋል። እናቱ ዛሬም ደሴ ናት። እርሱ ነጻነቱ በመጣ በዓመቱ የአባቱን አገር ፍለጋ አስመራ ገባ፣ አገሩን እንጂ ዘመድ አላገኘም። ኣርያም ጎንደር ስለተማረች በአማርኛ መለሰችለት። በዚያን ጊዜ አስመራ ውስጥ በመንገድ ላይ አማርኛ ሲነገር ሰው ዞር ብሎ ያያል፤ ስለዚህ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነጋገር ሰው ደግሞ መጠጋቱ አይቀርም።

«ምንድን ነው የምንገዛው?» አለችው።

«ለጊዜው ምንም። ስትሄዱ ምን ትጭናላችሁ?»

ነገረችው፤ የክትባቱ የበረዶ ሳጥን፣ ሁለት በርሜል ውሃ፣ ሦስት ሰው። ሊባኖስ ያንኑ ያህል አሸዋ በጆንያ አስጭኖ ኣማኑኤልን ከላዩ አስቀመጠው።

«እኔም ጆንያ ሆንኩ?»

«ካንተ ጆንያው ይሻላል፤ አያወራም» አለችው እህቱ።

ሊባኖስ በልብስ ሰፊ ሜትር ከቸርኬው መሃል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ለካ፤ ቁጥሩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፈ። ባዶዋን ለክቶ ከፍ የሚያደርጋት ሰው ለባዶ መንገድ ነው የሚሠራት አላት። ከዚያ ከሥር እንድትገባ ጋበዛት። የኣማኑኤልን ቱታ ከቀሚሷ በላይ ለብሳ በካርቶን ላይ ተንጋለለች፤ እርሱም ከአጠገቧ፣ በመሃላቸው አንድ ክንድ ትቶ። ጭረቶቹን አንድ በአንድ በባትሪ አሳያት፤ ድንጋዩ የጭስ ማውጫውን የነካበትን፣ የኋላውን ዲፈረንሻል የፋቀበትን።

«መጀመሪያ ጎማ ነው» አላት። «አሸዋ ከመግባትሽ በፊት ነፋሱን ትቀንሺያለሽ፤ ጎማው ተዘርግቶ ይራመዳል። ከዚያ ለሆዷ ብረት እናለብሳታለን። ባሌስትራው የመጨረሻው ነው።»

«ለምን መጨረሻ?»

«ሌላው ሁሉ ስለሚከተለው። አንድ ነገር ከፍ ካደረግሽ ከእርሱ ጋር የታሰረውን ሁሉ መጠየቅ አለብሽ።»

ባሌስትራዎቹን መደበር የወሰዱት አብረው ነው። መደበር አሮጌ ብረት ሁሉ እንደገና ሥራ የሚያገኝበት ሰፊ ግቢ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪና ጎማው ጫማ ይሆናል። አንጥረኛው የጋለውን ብረት ሲያጎብጥ የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ይደፍናል። ሁለቱ ትይዩ ቆመው ለአንድ ሰዓት ያህል አንድም ቃል መነጋገር አልቻሉም። ኣርያም በሕይወቷ የዚያን ያህል የተነጋገረችበት ሰዓት እንደሌለ ለወንድሟ ነገረችው፤ ወንድሟም ለማንም አልተናገረም።

ኣቶ ተወልደመድኅን ጋራዡን አንድ ጊዜ ብቻ ጎበኙ። መኪናዋን ሳይሆን ኣርያም ሊባኖስን የምታይበትን ዓይን አዩ።

«ወዲ መን ኢኻ?» ሲሉ ጠየቁት፤ የማን ልጅ ነህ ማለታቸው ነው።

ነገራቸው።

«እናትህ ደሴ ናት። አባትህ ሞቷል። ታዲያ እዚህ ማን አለህ?»

«ኣያ ተኽኣ አሉኝ።»

«አሠሪ ወገን አይሆንም፣ ወደይ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ባሌስትራ ገባ፣ ጎማውም ታሰረ። መኪናዋ ቆማ ስትታይ ሌላ ፍጥረት መሰለች። ሊባኖስ በክሪክ አንድ ጎኗን አነሳና ጎማውን አየር ላይ አንጠለጠለው፤ ቦይ ስትሻገር እንዴት እንደምትሆን ለማየት። ያን ጊዜ አየው። የፍሬኑ የጎማ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል።

ልኩን የወሰደው መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ ሳለ ነበር። ጎማው ተንጠልጥሎ መለካት ነበረበት። ይህን የሚሳሳተው ጀማሪ ነው፣ እርሱ ግን ጀማሪ አልነበረም። ረጅም ቱቦ ምጽዋ ውስጥ እንዳለ ያውቃል፤ ሰኞ በአውቶቡስ ይመጣለታል። እስከዚያ መኪናዋ ትቆማለች። ክሪኩን አወረደና እጁን ሲጠርግ እህትና ወንድም በበሩ ገቡ።

ኣርያም መኪናዋን ዞረቻት። የተማረችውን ሁሉ ለወንድሟ ታስረዳው ጀመር፤ ይሄ የሆድ ብረቱ፣ ይሄ የተጨመረው ባሌስትራ፣ ይሄ ገመድ የሚታሰርበት መንጠቆ። ጣቷን እየቀሰረች፣ ፊቷ በርቶ።

«ደግሞ ሊባኖስን ታውቀዋለህ» አለች፣ «ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይለካል።»

ኣማኑኤል መካኒኩን ትከሻውን መታ አደረገው። «እንግዲህ ሰብኣይ ሓፍተይ ልበልህ?» አለ፤ የእህቴ ባል ማለቱ ነው። ከዚያ ቤት ይህን ስም የሰጠው የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ሊባኖስ አፉን ከፈተ። ሊላቸው የሚገባው አጭር ነበር፤ ተሳስቻለሁ፣ ፍሬኑ ሊበጠስ ይችላል። ኣርያምን አያት። ያቺ ዓይን ከእርሱ ላይ ስትነሳ አስቀድሞ ታየው። የማን ልጅ ነህ ተብሎ መልስ ያጣ ሰው፣ በዚያች ቀን ያለው ነገር ቢኖር ሥራው ብቻ ነበር።

«ትንሽ ነገር ይቀራታል» አለ። «ከሰኞ በፊት ባትነዳት።»

«ምን ይቀራታል?»

«የሚጠበቅ ነገር አለ። ትንሽ ነው።»

ተሳሳቁ። ቁልፉ እንደ ወትሮው ዘበኛው ዘንድ ቀረ። ሊባኖስ በዚያ ምሽት ደስተኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ይቅር ያላለውም ይህን ደስታ ነው።

*

በሐዘኑ ሰሞን ሊባኖስ ለቅሶ አልደረሰም፤ ኣቶ ተወልደመድኅን እንዳይመጣ ልከውበት ነበር። ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ «እንዳይነዳት ነግሬው ነበር» አለ፤ ቱቦው መበጠሱ ገና ስላልታወቀ መርማሪው ስለ እርሱ አልጠየቀውም፤ እርሱም አልጨመረም። ዘበኛው ግን ለብቻው አንድ ነገር ነግሮት ነበር፤ ኣማኑኤል ቁልፉን ሲቀበል «ኣርያም ናት የላከችኝ» ብሏል። ሊባኖስ ዘበኛውን ይህን ለማንም እንዳይናገር ለመነው።

የኣማኑኤል ዐርባ ከወጣ በኋላ ሽማግሌዎች ገቡ። አለቃቸው ኣቦይ መንግስትኣብ በደርግ ዘመን ሁለት ልጆቻቸውን የቀበሩ፣ ቃላቸው የማይወድቅ ሰው ናቸው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነገሩ ይለቅ አሉ። ውሳኔያቸውም ይህ ነበር፤ ሊባኖስ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤት ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቱቦው ማጠሩን እንዳላወቀ ይምላል። እንደ አገሩ ልማድ ከወገኑ አንድ ሰው አብሮት ይምላል። ከማለ ኣቶ ተወልደመድኅን ይቅር ይላሉ፤ ለፖሊስም ታርቀናል ብለው መዝገቡን ያዘጋሉ። ካልማለ ክሱ ይቀጥላል።

«ወገን የለኝም» አለ ሊባኖስ፣ ውሳኔውን ይዘው ለመጡት ለኣያ ተኽኣ።

አዛውንቱ የሥራ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሞቻለሁ እንዴ?» አሉት። «እኔ እምላለሁ።»

በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰው። የኣርያም እጅ ጽሑፍ የሐኪም አይመስልም፤ ፊደሎቿ አንድ በአንድ ይነበባሉ።

«ሊባኖስ፣ በአማርኛ የምጽፍልህ ወረቀቱ ቤት ውስጥ ቢገኝ እናቴ እንዳታነበው ነው።

ኣማኑኤልን የላክሁት እኔ ነኝ። ዘበኛው እንደነገረህ ገምቻለሁ፤ ለማንም እንዳልተናገርክም አይቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከማይ ዑበል ሰው መጥቶ ኩፍኝ ገባ አለኝ። ኣማኑኤልን መኪናዋን አምጣልኝ፣ እግረ መንገድህን ቁልቁለቱንና ቦዩን ሞክርባት፣ ነገ እዚያ ስደርስ እንዳታስቸግረኝ አልኩት። እርሱ ‹ሊባኖስ ከሰኞ በፊት ብሏል› አለኝ። ‹ትንሽ ነገር ነው ብሎህ የለ› ብዬ ሳቅሁበት። በመጨረሻ የነገርኩት ይህን ነው።

አባቴ ልጁ ለጨዋታ እንደወጣ ያምናል። ለለቀስተኛው ሁሉ ‹ልጅነት ነው፣ ልጅነት ገደለው› ሲል አርባ ቀን ሙሉ ሰማሁ። ወንድሜ በመቃብሩ ውስጥ ሆኖ የእኔን ጥፋት ተሸክሞልኛል። አፌን ከፍቼ አልተናገርኩም።

እሁድ ማል። የምትምለው እውነት ነው፤ ብታውቅ ኖሮ ትነግረን ነበር። ከማልክ ማንም ምንም አይጠይቅም። አባቴም ከዚያ በኋላ በመካከላችን እንደማይቆም ለእናቴ ቃል ሰጥቷታል። ሰውን ሁሉ አጥቻለሁ፤ አንተንም እንዳላጣህ። እባክህ።»

ሊባኖስ አንዲቱን መስመር ደጋግሞ አነበባት። ብታውቅ ኖሮ ትነግረን ነበር። የሚወዳት ሴት በዚህች መስመር ላይ ቆማ ነበር፤ መስመሯም ውሸት ነበረች። መልስ ለመጻፍ አራት ወረቀት አበላሸ። ከስሟ አላለፈም።

*

እሁድ ጠዋት ኣያ ተኽኣ ነጭ ነጠላ ለብሰው ፌርማታው ላይ ጠበቁት። በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ከጥፍራቸው ሥር የማይወጣው ጥቁር ዘይት እንኳ ዛሬ ተፍቋል።

«ቁርስ በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ጎበዝ። የሚምል ሰው አይበላም። እኔም ከትናንት ቀትር ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው የቀመስኩት። ሚስቴ ልትሞት ነው ብላ ጎረቤት ጠራችብኝ።»

ሊባኖስ ፈገግ ማለት አቃተው። አውቶቡሱ ወደ ቤት ጊዮርጊስ ሽቅብ ሲወጣ ሽማግሌው በመስኮት እያዩ ያወሩ ነበር። «በሕይወቴ ምዬ አላውቅም። ጣልያኑ አለቃዬ አንድ ጊዜ መፍቻ ሰርቀሃል ብሎኝ ማል አለኝ። አልምልም፣ አባርረኝ አልኩት። አባረረኝ። ከሳምንት በኋላ መፍቻውን ከራሱ መኪና ኮፈን ውስጥ አገኘው።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን?»

«ዛሬማ ስለ መፍቻ አይደለም።»

«ኣያ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም እኮ።»

«ምኑን?»

«አውቅ እንደነበረና እንዳልነበረ።»

ኣያ ተኽኣ ወደ እርሱ ዞሩ። «ምን ብዬ ልጠይቅህ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ሠርተናል። የላላ ብሎን አይተህ ዝም ብለህ የምታድር ሰው እንዳልሆንክ እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?» አሉና እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ። እጁ ከባድ፣ ሞቃት ነበር። ሊባኖስ እስከሚወርዱ ድረስ ያን እጅ ከጉልበቱ ላይ ማንሳትም፣ ክብደቱን መሸከምም አልቻለም።

*

ቅዳሴው አልቋል። ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ በግንቡ ጥላ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። በአንድ ወገን ኣቶ ተወልደመድኅን በጥቁር ካፖርት፤ ከአጠገባቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣኽበረት፣ ጸጉራቸውን ለሐዘን የተላጩ፤ ከኋላቸው ኣርያም። በሌላው ወገን ሁለት ሰው ብቻ፤ ሊባኖስና ኣያ ተኽኣ። ከዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ወደ ታች ላየ፣ መንገዱ እየተጠመዘዘ ወደ ጭጋጉ ሲገባ ይታያል። ማንም ወደዚያ አላየም።

ኣርያም ከስታለች። ከአርባ ቀን በኋላ ዓይን ለዓይን ሲገናኙ ሊባኖስ በዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አነበበ፤ ልመና።

ኣቦይ መንግስትኣብ ተነሱ። «ልጆቼ፣ ለመፍረድ አልመጣንም፤ ለመዝጋት ነው። በዚህ አገር ደም በጣም ፈስሷል፤ ሌላ ቂም አንጨምርም። ተወልደመድኅን፣ ቢምል ትቀበለዋለህ?»

«እቀበላለሁ።» ኣቶ ተወልደመድኅን ሊባኖስን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «እውነቱን ልንገርህ፣ ወደይ፤ እንድትምል እፈልጋለሁ። እያወቀ ገደለብኝ ብዬ ከምኖር፣ ሳያውቅ ነው ብዬ ብኖር ይሻለኛል። እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ቄሱ ወንጌሉን አመጡ። «ወገን ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ኣያ ተኽኣ፣ ወደ ፊት እየወጡ። «ከእርሱ አስቀድሜ እምላለሁ፤ ልጁ እንዳይፈራ።» መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ጠርገው ወደ ወንጌሉ ዘረጉ።

ሊባኖስ የሽማግሌውን ክንድ ያዘ።

«ኣያ፣ አይማሉ።»

«ምን ሆንክ?»

«እባክዎን፤ እጅዎን ይመልሱ።»

ኣያ ተኽኣ ፊቱን አዩት። ብዙ ሞተር ያዳመጠ ሰው ናቸውና ሁለተኛ ጥያቄ አላስፈለጋቸውም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። በአንድ ጊዜ አረጁ።

«አልምልም» አለ ሊባኖስ። በትግርኛ ጀመረው፤ ቃላቱ ከዱትና ወደ አማርኛ ዞረ፤ በዚያ ደጅ አማርኛ ሲነገር የተቆጣ ሰው አልነበረም። «አውቅ ነበር። ዓርብ ዕለት ጎማውን አንጠልጥዬ አየሁት። ቱቦው አጥሯል። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ልኩን በትክክል አልወሰድኩም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ አፈርኩ። ትንሽ ነገር ይቀራታል አልኩ። እንዳይነዳት ነግሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ለምን እንደሆነ ቢያውቅ አይነዳትም ነበር።»

ከወይዘሮ ኣኽበረት ደረት አንድ ድምፅ ወጣ፤ ለቅሶ ያልሆነ፣ ከለቅሶ ያነሰ። ኣቶ ተወልደመድኅን በቆሙበት ካፖርታቸውን ቆለፉ፤ ፈቱት፤ እንደገና ቆለፉት።

«ማንን አፍረህ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔን?»

ሊባኖስ ወደ ኣርያም ዞረ። ዓይኑ መለሰ። ኣርያም ያን ዓይን አየች፤ ገባት።

ወደ እርሱ ተራመደች። ማንም አልያዛትም። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመች።

«በእኔ ምክንያት ነው?» አለችው በአማርኛ፣ ዝቅ አድርጋ፤ ሁሉም ግን ሰማ።

«ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይለካል አልሽ።»

«ቀልዴን እኮ ነው፣ ሊባኖስ።»

«አውቃለሁ።»

«ብትነግረኝ ኖሮ ምን የምልህ መሰለህ? እኔ በየቀኑ እሳሳታለሁ፤ የሕፃን ደም ሥር ስፈልግ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ እስታለሁ። እስቅብህ ነበር። እንሳሳቅ ነበር፤ ኣማኑኤልም ይስቅ ነበር። ለዚህ ነው? ለእንዲህ ያለ ነገር ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ይቅር እልህ እንደሆነ አላውቅም።»

«አልጠየቅሁሽም። የደብዳቤሽን መልስ መጻፍ አቅቶኝ ነበር። መልሱ ይኸው ነው።»

«ደብዳቤ?» አሉ ኣቶ ተወልደመድኅን። «የምን ደብዳቤ?»

ኣርያም ዞረች። አባቷን፣ እናቷን፣ ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አየች። ሊባኖስ ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው። አርባ ቀን የጠበቀላትን ዝምታ አሁንም ሊጠብቅላት ፈለገ። ያ የራስ መነቅነቅ ግን ከተናገረው ሁሉ ይልቅ አስደነገጣት፤ ከዓርብ ዕለቱ ዝምታ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ታያት፤ ለፍቅር ተብሎ የተደበቀ።

«ኣቦይ፣ ኣማኑኤል ለጨዋታ አልወጣም» አለች አባቷን። «እኔ ነኝ የላክሁት። ሊባኖስ ከሰኞ በፊት ብሏል አለኝ፤ እኔ ግድ የለም፣ ሂድ አልኩት። ቁልቁለቱንም፣ ቦዩንም ሞክር ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ባለጌ አልነበረም፤ ታዝዞ ነው የሞተው።»

ቄሱ ወንጌሉን ደረታቸው ላይ አቀፉ።

«ልጄ» አሉ ኣቦይ መንግስትኣብ፣ «አንቺን የጠየቀሽ የለም። በሐዘን የተነገረ ነው ብለን እዚሁ ልንተወው እንችላለን። እርሱ አልማለም፤ ክሱ በእርሱ ላይ ይቀጥላል። አንቺ ወደ ቤትሽ ግቢ።»

ሽማግሌው ለምሕረት ነበር ያሉት። ሁሉም ይህን ያውቃል። ወይዘሮ ኣኽበረት እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ፤ ነይ የሚል እጅ። ኣቶ ተወልደመድኅንም፣ በዚያ ቤት ድምፃቸው ዝቅ ብሎ የማያውቀው ሰውዬ፣ ለመሰማት በሚቸግር ድምፅ «የቀረሽኝ አንቺ ነሽ» አሏት።

ኣርያም የእናቷን እጅ ያዘች፤ ሳመችው፤ ለቀቀችው። ሊባኖስን አላየችውም። የምታየው አባቷን ነበር።

«ነገ ጠዋት ከእርሱ ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ ኣቦይ» አለች። «እርሱ የእርሱን ይናገራል፤ እኔ የእኔን እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁኝ ወደ ቤት እመጣለሁ።»